በሁዳዴ ሥጋ የቀቀልሁበት ዓመት

የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ውሻ አይወድም። ቁራሽ ልንለምን በየደጁ ስንቆም ከባለቤቱ ቀድሞ የሚቀበለን ውሻው ነበር። በግራ እግሬ ባት ላይ እስከ ዛሬ ያልጠፋ የጥርስ ጠባሳ አለ፤ በሰሃላ ቆላ በአንድ ደጃፍ ያገኘኝ ነው። ስለዚህ ትምህርቴን ጨርሼ፥ ሚስት አግብቼ፥ በሰቆጣ ከተማ ዳር ቤት ሠርቼ ለደብሩ በመሪጌትነት ከተሾምሁ በኋላም በግቢዬ ውሻ አላስቀመጥሁም። «ሌባ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ለሚሉኝ፥ «ሌባ ከመሪጌታ ቤት ምን ሊያገኝ ይመጣል?» እላቸው ነበር።

ውሻዋን ያመጣት የመጨረሻ ልጃችን ናት። ልጃችን በከተማው በነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢ ምግብ ታበስል ነበር። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ፥ በዚያ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ነርስ ያሳደገቻትን ውሻ ለእርሷ ትታላት ሄደች። ልጄ አንድ ማታ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛት ገባች። ነጠላው ሲገለጥ ከድመት ጥቂት ከፍ የምትል፥ ጠጉሯ ነጭ፥ ጆሮዋ ቡናማ የሆነች ፍጥረት ታየች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ውሻ ናት፥ አባዬ።»

«ውሻ መሆኗንስ አየሁ። የቀረው አካሏ መቼ ይመጣል?»

ሚስቴ በሳቅ ፈረሰች። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ልጄ ግን አልሳቀችም፤ እንደ ሥርዐት የሚጠበቅ ነገር ትነግረን ነበር። «ሆዷ ስስ ነው፤ አደራ። በርበሬ አይንካት። ዘይትና ጮማ አይስማማትም። ወተት ያስቀምጣታል። አጥንት እንዳትሰጧት። የገብስ ገንፎ ያለ ጨው፥ የተቀቀለ ዕንቁላል፥ ሲገኝም ቀይ ሥጋ ቀቅላችሁ ስጧት፤ ጥቂት ጥቂት፥ በቀን አራት ጊዜ።»

«በቀን አራት ጊዜ!» አልሁ። «ሊቀ ጳጳስ እንኳ በቀን አራት ጊዜ አይበላም።»

«ሊቀ ጳጳስ ሆዱ ደኅና ይሆናላ» አለች እናቷ፥ ውሻዋን ከልጇ እጅ ተቀብላ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጃችን እንደ እኩዮቿ ሁሉ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደች። ሥራዋ ከተዘጋ ወዲህ በሰቆጣ የሚያቆያት ነገር አልነበረም። ስትሄድ ለእኔ ያለችኝ፥ «በጸሎትዎ ያስቡኝ» ነበር። ለእናቷ ግን የሰጠቻት አንድ ነገር ነው፤ ውሻዋን። እናቷም፥ «ስትመለሺ በሕይወት ታገኚያታለሽ» አለቻት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ከተናገሩት በኋላ አይመለስም። አደራ የበላ ሰው በሰው ዘንድ ፊት፥ በእግዚአብሔርም ዘንድ መቆሚያ የለውም።

ልጅቱ ከሄደች በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ ደረሰን፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ሚስቴ ቃሏ አነሰ። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነውና በዚያ ቋንቋ ከልጇ ጋር ብቻ ታወራ ነበር፤ እኔ ከአማርኛውና ከግዕዙ በቀር የምሰማው ጥቂት ነው። አሁን በአገውኛ የምታናግረው ውሻዋን ሆነ። ገበታ በቀረበ ቁጥር የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጇ ይዛ ትቆይና፥ «ምን ትበላ ይሆን?» ትላለች። ልጄ ደኅና ትሆን? አትልም፤ ደመወዝ ትቀበል ይሆን? አትልም። ሁልጊዜ፥ «ምን ትበላ ይሆን?» ብቻ ነው። ለውሻዋ ግን ልጅቱ ያዘዘችውን አንድም ሳታጎድል ታደርግላት ነበር። ገንፎውን በጣቷ ለክታ ለብ ሲል ታቀርባለች፤ ዕንቁላሉን አፍርሳ ትቀላቅላለች። ውሻዋም ወፍራ፥ ጠጉሯ አብርቶ፥ ከሚስቴ ቀሚስ ሥር የማትለይ ሆነች።

የሆነው ሁሉ የሆነው በሚቀጥለው ሁዳዴ ነው።

በመጀመሪያ የነነዌ ጾም ገባ። በዚያ ሰሞን ሚስቴ፥ «ዕንቁላሏን እንግዲህ ምን ላድርገው? ጾመኛ ድስት ውስጥ ልቀቅል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም ብል፥ ወይም አላውቅም ብል መልካም ነበር። ነገር ግን የተማረ ሰው ጥያቄ ቀርቦለት ዝም ማለት አይሆንለትም።

«የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቱም በጉም አብሮ ጾሟል» አልኋት። «ከጾመኛ ቤት ያለ ሁሉ ጾመኛ ነው። ትጹም።»

«እሷ ምን በደለች?»

«የነነዌ በጎችስ ምን በደሉ?»

መልሴ ለራሴ አማረኝ። ውሻዋ ሦስቱን ቀን ከእኛ ሽሮ የታጠበ ቂጣ እየበላች በደኅና አለፈችው። ያ አደፋፈረኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ፥ «እንግዲህ እስከ ፋሲካ በዚሁ ትቆይ» ብዬ ቃሌን አጸናሁ። ሚስቴ ቅር ቢላትም በእኔ ትምህርት ላይ ቃል አትመልስም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስለመድኋት እኔ ነኝ።

የጾም ምግባችንን አገሬው ያውቀዋል። ሽሮ በበርበሬ፥ ኑግ፥ ሱፍ፥ የባቄላ ክክ፥ ሲገኝ ዘይት ጠብ የተደረገበት ጎመን። ለሰው ሆድ እንኳ በሁለተኛው ሳምንት ይከብዳል። ሚስቴ ለውሻዋ የሽሮውን ፍትፍት በውሃ እያጠበች፥ ቅባት እንዲሆናት ብላ ጥቂት ኑግ እየጨመረች ትሰጣት ጀመር። ገንፎውን ብቻ ብትሰጣት ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ዓመት ገብሳችን አልቆ የቀረን ማሽላና ባቄላ ነበር። ውሻዋ በመጀመሪያው ሳምንት በላች። በሁለተኛው ሳምንት በልታ ትመልስ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የበላችው ሁሉ እንደ ውሃ ይወርዳት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ከሚወርዳት ውስጥ ደም አየሁ።

ከቅዳሴ ተመልሼ ነበር። ሚስቴ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ውሻዋን በልጃችን አሮጌ ሻርፕ ጠቅልላ በጭኗ ይዛታለች። በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ትለምናት ነበር። ከንግግሯ የለየሁት «አደራ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እርሱ በሁለታችንም ቋንቋ አንድ ነውና። ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፥ አልወቀሰችኝም። ወቅሳኝ ቢሆን በክርክር እረታት ነበር። እንዲሁ አየችኝና ፊቷን ወደ ውሻዋ መለሰች። በዚያች ቅጽበት የፈረድሁት በማን ላይ እንደ ሆነ ገባኝ። ውሻዋ ከሞተች ሚስቴ የልጇን አደራ በላች፤ ያስበላኋትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሰፈራችን ላሞችን ይከትብ ነበር። ወሎዬ ወጣት ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ሄጄ ለመንሁት፤ መጣ። የውሻዋን ድድ ገልጦ አየ፤ የጀርባዋን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ሆዷን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ።

«ምን ስትበላ ነበር?»

ነገርሁት። መርፌውን እንደ ያዘ ቆመ።

«የኔታ፥ ውሻ አስጾሙ?»

«አዎ።»

«ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት?» አለ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። «ይቅርታ የኔታ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዷ ቆስሏል። ውሃዋ አልቋል። ዛሬና ነገ ጠዋት ምንም እህል አትስጧት፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ፥ ትንሽ ትንሽ። ከዚያ በኋላ ሩዝ እስኪሟሟ ቀቅላችሁ፥ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ አድቅቃችሁ፥ ያለ ጨው፥ ያለ ቅመም፥ ያለ ዘይት። በአንድ ጊዜ ከእፍኝ ግማሽ አይበልጥ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ስትበረታ ቀስ በቀስ ገብሱን ትቀላቅላላችሁ፤ በአንድ ቀን አትለውጡባት።»

«ሥጋ?» አለች ሚስቴ።

«ሥጋ።»

«ዕንቁላል አይበቃም?»

«ዕንቁላል ኋላ ይደርሳል። አሁን ደሟ አልቋል። ካልበላች ሳምንቱን አትጨርስም።»

ይህን ብሎ ወደ ላሞቹ ተመለሰ። በሁዳዴ በሰቆጣ ክርስቲያን አያርድም። በከተማው ሥጋ ያለው ከእስላም ነጋዴዎች ዘንድ ብቻ ነው። የእነርሱን ሥጋ ደግሞ በፍስክም ቢሆን እኛ አንበላም፤ እነርሱም የእኛን አይበሉም፤ አባቶቻችን ይህን ድንበር አክብረው በአንድ ገበያ በሰላም ኖረዋል። አንድ መሪጌታ በዐቢይ ጾም ጥምጥሙን አድርጎ በእስላም ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲቆም በሰቆጣ ታይቶ አይታወቅም።

«እኔ ልሂድ?» አለች ሚስቴ።

«አይሆንም። ያስጾምሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

በማግስቱ የሄድሁት ወደማውቀው ሰው ነው። የደብራችንን ጧፍና ዕጣን ለዓመታት የምንገዛው ከእርሱ ሱቅ ነበር፤ ሐጂ እንለዋለን። ወንድሙ ከሱቁ ጀርባ ያርዳል። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ሱቁ ውስጥ ሰው አለመኖሩን ካየሁ በኋላ ገባሁ።

«እንኳን ደኅና መጡ መሪጌታ። ጧፍ ነው?»

«አይደለም። ሩዝ ፈልጌ ነው።»

ሩዙን ሰፈረልኝ። እኔ አልሄድሁም።

«ሌላስ?»

«ሥጋ።»

ሐጂ ዞሮ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። «መሪጌታ፥ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? ሁዳዴ አልወጣማ!»

«ለእኔ አይደለም።»

«ለእንግዳ ነው?»

«ለውሻ ነው።»

መዳፉን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ያ ረቢ! ይህንን ለማን ልንገረው? ለእኛዎቹ ብነግር ‘ሐላሉን ሥጋ ለውሻ ሸጠ’ ብለው ይረግሙኛል። ለእናንተዎቹ ብነግር እርስዎን ይሰቅሉብኛል።»

«ለማንም አትንገር፥ ሐጂ።»

«ለማንም!» አለና ሳቁን ገታ። «የልጅቱ ውሻ ናት? የዚያች ዐረብ አገር የሄደችው?»

«እርሷው ናት።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ጓሮ ገብቶ ወንድሙን ሲያዝ ሰማሁ፤ «ከጭኑ፥ ቀይ ቀዩን፥ ጅማትና ጮማ እንዳይኖርበት።» ሲመለስ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና፥ «ሩዙን ሦስት ጊዜ ይጠቡት። የእኛ ሴቶች ልጅ ሲያስቀምጠው የሩዙን ውሃ ያጠጡታል፤ ውሃውን እንዳይደፉት» አለኝ። ሥጋውን ከጋቢዬ ሥር ደብቄ፥ የጸሎት መጽሐፌን ከላይ ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ያገኙኝ ምእመናን ጎንበስ እያሉ ሰላም ሲሉኝ ፌስታሉ በብብቴ ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። እንደዚያች መንገድ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ ከአምደወርቅ ሰቆጣ በእግሬ ተመላልሻለሁ።

ከቤት ስደርስ ሚስቴ ሥጋው በጾም ዕቃዋ አጠገብ እንዲያልፍ እንኳ አልፈቀደችም። «ድስቴ ይፈስክብኛል» አለች፤ እውነቷን ነው። ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አገኘን፤ ከቤቱ ጀርባ ከአጥሩ ሥር ሦስት ድንጋይ ጎልቼ በዚያ ቀቀልሁት። ሰዓቱ ስድስት ገደማ ነው። ሰዎች ለቅዳሴ ወደ ደብር ሄደዋል፤ እኔ ታምሜአለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። ከትናንት ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ እህል ያልቀመስሁ ሰው ሥጋ በሚፈላበት ቆርቆሮ ላይ ጎንበስ ብዬ በእንጨት አማስል ነበር። ምራቄ አፌን ሞላው። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲስቅብኝ ፈልጌ አይደለም። ጾም ማለት ምግብን መተው ብቻ መስሎኝ ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በዚያ ቀን ግን የጾምሁት ጾም ከቀደሙት ሁሉ ከብዶኛል።

ሥጋውን አውጥቼ በድንጋይ ላይ እንደ ዱቄት እስኪሆን ወቀጥሁት፤ ከሟሟው ሩዝ ጋር ለወስሁት፤ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ሚስቴ ውሻዋን አመጣች። ውሻዋ አሽታ ፊቷን አዞረች። ሁለተኛ አቀረብሁላት፤ አዞረች። ሦስተኛ በጣቴ ጫፍ ጥቂት አንሥቼ በከንፈሯ ላይ ቀባሁት። ምላሷን አውጥታ ላሰችው። ከዚያ ጣቴን ላሰችው። ውሻ በጥርሱ እንጂ በምላሱ ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከቆርቆሮው አጠገብ ጎንበስ እንዳልሁ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማሁ። የንስሐ አባቴ ነበሩ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኛል።

«ታመመ ብለውኝ ልጠይቅህ መጣሁ፥ መሪጌታ።»

«አዎ አባ፥ ጥቂት አሞኛል።»

አየሩን ሳቡት። «ሕመምህ መዓዛው ጥሩ ነው።»

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልሁም። አስገባኋቸው፤ ከሥር ጀምሬ ሁሉን ነገርኋቸው። ውሻዋን አሳየኋቸው። የነነዌን ነገር ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«የነነዌ ጾም ስንት ቀን ነው?» አሉኝ፥ እንደ ሕፃን ተማሪ።

«ሦስት ቀን።»

«ንጉሡ በራሱ ላይ ማቅ ለብሶ ነው ወይስ ከብቶቹን አስጾሞ እርሱ እየበላ?»

«እርሱም ጾሟል፥ አባ።»

«አንተስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮህን በደኅና ሆድ ትበላለህ። ይህች ያንኑ ስትበላ ትሞታለች። ታዲያ አንድ ጾም ነው የጾማችሁት?»

ለሰዎች የትርጓሜ ትምህርት ስሰጥ የኖርሁ ሰው በውሻ ፊት አንድ ቃል አጣሁ።

«ሥጋውን ከየት ገዛኸው?»

«ከሐጂ ዘንድ። ከጋቢ ሥር ደብቄ ነው ያመጣሁት።»

«እንግዲህ ቀኖናህ ይህ ነው» አሉ ተነሥተው። «ለመብሉ ቀኖና የለህም፤ አልበላኸውምና። ለውሸቱ ግን አለህ። ከነገ ጀምሮ ሥጋውን በእጅህ አንጠልጥለህ በገበያው መካከል ይዘህ ትመጣለህ። ለምን እንደ ሆነ የጠየቀህን ሁሉ እውነቱን ትነግራለህ። ውሻዋን ድና ራሷን እስክትችል አንተው ታበላታለህ፤ ሚስትህ እጇን አታስገባ፤ ያሳመመ ያስታምም። እጅህን በሳሙና ታጥበህ ለማኅሌት ትመጣለህ።»

ከሰይፍ ይልቅ ይህ ከብዶኝ ነበር። በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥዬ በሽንኩርት ሻጮቹ መካከል ስመጣ አንዲት ደፋር ሴት ጀመረች።

«የኔታ! ፋሲካ ለእርስዎ ቀድሞ ገባ እንዴ?»

«ለውሻዬ ነው፥ እኅቴ።»

«ለውሻው ነው ይላሉ!» አለች ለጎረቤቷ። «ውሻውስ ጥምጥም አለው?»

«ያስጾምኋት እኔ ነኝ፤ ታመመች። አሁን እያስታመምሁ ነው» አልሁ። በዚያ የቆሙት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እስክጨርስ ብቻ ነው። አንዲት አሮጊት ከሚሸጡት ገብስ በመዳፋቸው ዘግነው በጋቢዬ ጫፍ ቋጠሩልኝና፥ «ስትበረታ ይህን ቀላቅልላት፤ የኔም ልጅ ዐረብ አገር ናት» አሉኝ። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ በገበያው ተሰምቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ቀኔ በውሻዋ ሆድ ተከፋፈለ። ማለዳ ከማኅሌት በፊት አንድ ጊዜ፥ ከማኅሌት በኋላ አንድ ጊዜ፥ ከቅዳሴ በፊት፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በሠርክ። ውሃዋን አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ። ሆዷ ሲጮኽ ጆሮዬን ከጎኗ አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ የጸናጽልን ድምፅ ሲለይ የኖረ ጆሮ የሆድንም ጩኸት መለየት ይማራል። ሲያጉረመርም ምግቡን አሳንሳለሁ፤ ዝም ሲል ጥቂት እጨምራለሁ። በየማለዳው ከግቢው ጥግ ጎንበስ ብዬ የጣለችውን እመረምር ነበር። ደሙ በአምስተኛው ቀን ቆመ። በዐሥረኛው ቀን ገደማ ከጥጉ ቀና ብዬ፥ «ዛሬ ጠንከር ብሏል!» ብዬ ጮኽሁ። ሚስቴ ከቤት ብቅ አለች።

«በእውነት?»

«ነይ እይ።»

መጥታ አየች። ሁለታችንም ከውሻ ዓይነ ምድር አጠገብ ቆመን፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። «መሪጌታ፥ እንዲህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። በሠርጋችንም ቀን» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ቸኩዬ ተሳሳትሁ። ድናለች ብዬ የአሮጊቷን ገብስ በአንድ ቀን ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ሰጠኋት፤ ማታውን አስመለሳት። እንደ ገና ወደ ሩዙ ተመለስሁ፤ ከዚያም ገብሱን በየቀኑ በአንድ ጣት እየጨመርሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሆድ በአዋጅ አይታዘዝም።

ፋሲካ ሲደርስ ሌላ ፍርሃት መጣ። በእኛ ሰፈር በፋሲካ አጥንትና ጮማ በየደጁ ይጣላል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጠግባል። እኛ ራሳችን እንኳ ከጾም በኋላ ሆዳችን እንዳይደነግጥ በተልባ እንፈስካለን፤ ለውሻ ግን ጮማ እንወረውራለን። በቀዳም ሥዑር ከቤት ወደ ቤት ሄድሁ። «አደራችሁን፥ ለዚህች ለትንሿ ምንም አትጣሉላት» እያልሁ ለመንሁ። አንዱ ጎረቤቴ፥ «እንግዲህ የኔታ ለውሻ እየለመኑ ነው የሚዞሩት?» አለኝ። «እንዳትሰጧት ነው የምለምነው» አልሁት። «እንዲህ ያለ ልመና ገና ሰማሁ» ብሎ ሳቀ፤ አጥንቱን ግን ከአጥሩ ውስጥ ቀበረው።

ውሻዋ ፋሲካን በሩዝና በገብስ ዋለች። ጠጉሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሚስቴ እንደ ገና ከገበታው ፊት ጉርሻዋን ይዛ፥ «ምን ትበላ ይሆን?» ማለቷን አልተወችም።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ከስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት መጣልን። ልጃችን በማግስቱ በአራት ሰዓት ትደውላለች የሚል ነበር። ሚስቴ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ማለዳ ቀሚሷን ለውጣ ከእኔ ቀድማ ደጅ ቆመች። በስልክ ቤቱ ተራችንን ጠብቀን ወደ ጠባቧ የመስታወት ክፍል ገባን። በመጀመሪያ እናቷ አናገረቻት፤ በአገውኛ ነበር፤ በመካከል ታለቅሳለች፥ በመካከል ትስቃለች። ከዚያ መነጋገሪያውን ወደ እኔ ዘረጋችና፥ «ስለ ውሻዋ ጠየቀችኝ። አንተው ንገራት» አለችኝ፤ ክፍሏ ለሁለት ስለጠበበች ወደ ውጭ ወጣች።

«አባዬ፥ እንደ ምን አሉ?»

«ደኅና ነኝ፥ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ውሻዬ አለች?»

«አለች። ቀይ ሥጋና ሩዝ፥ ገብስ ጥቂት። በቀን አምስት ጊዜ። የማበላት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔ። በሁዳዴ አስጾሜአት ልትሞት ነበር። እናትሽ አልነበረችም፤ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

የምትቆጣ መሰለኝ። ትንፋሿን ሰማሁት፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ መጣ። ከአጠገቧ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

«አባዬ፥ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ አልጾምሁም። መጾም ፈልጌ ነበር። ለብቻዬ የማበስልበት የለኝም፤ እነርሱ ከበሉት የተረፈውን ነው የምበላው፤ ሥጋ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ቂጣ ብቻ በላሁ፤ ሥራው ከባድ ነው፤ ወደቅሁ። ከዚያ በላሁ። ፋሲካም መቼ እንዳለፈ አላወቅሁም። ያን ለመንገር ፈርቼ ነው ያልጻፍሁላችሁ።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምረው የኖርሁ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሰማዕታት፥ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፥ በባዕድ አገር ጥራጥሬ በልተው ስለ ወፈሩ ልጆች። ሁሉም በአንደበቴ ጫፍ መጣ። ከመስታወቱ ወዲያ ሚስቴን አየኋት፤ ሻርፗን በአፏ ላይ ይዛ ከንፈሬን ትመለከት ነበር።

«የሰጡሽን ብዪ፥ ልጄ» አልሁ። «ሆድሽ የሚቀበለውን ብዪ። እግዚአብሔር ያያል። ጥቂት ጥቂት እያልሽ ብዪ።»

ታለቅስ ጀመር። ከዚያ ሰዓቱ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ በገበያው ዳር ዳር ሄድን። ሚስቴ፥ «ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልደብቃት አሰብሁ፤ ከዚያ የንስሐ አባቴን አስቤ ሁሉን ነገርኋት፤ አለመጾሟን፥ መውደቋን፥ የሰዎቹን ትራፊ መብላቷን፥ ሥጋ እንዳለበት። ትደነግጣለች ብዬ ፊቷን ጠበቅሁ። እርሷ ግን ቆመች፤ በቀኝ እጇ ደረቷን ያዘች።

«እንግዲያው» አለች፥ ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ፥ «ትበላለች ማለት ነው።»